ለክቡር የሩብ ዓመት ሪፖርት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ መሸኛ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይ ነኝ። እርስዎ ዘንድ ሥራ ፈት የሚባል ሰው እንደሌለ በየሩብ ዓመቱ በቴሌቪዥን እሰማለሁና፣ ጓዜን ጠቅልዬ እርስዎ ውስጥ መኖር አምሮኛል። መዛወር አያስፈራንም። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲመሠረት የካ ተኝተን ለሚ ኩራ ነቅተናል፤ አንድ ፍራሽ እንኳ አልጫንንም።

ጎረቤቴን ያውቋታል፤ ሦስት ጊዜ ቆጥረዋታል። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ገብታ፣ ሰደርያ ለብሳ በማለዳ አስፋልት ትጠርግ ነበር። ይህን አልነቅፍም። ከክፍያዋ 20 በመቶው ይቆጠብላት ስለነበር በዕድሜዋ የመጀመሪያውን የባንክ ደብተር ያዘች፤ ዛሬም ከመታወቂያዋ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ፍራሽ ሥር ነው የምታኖረው። የፕሮግራሙ ሦስት ዓመት አለቀና «ተመረቀች» ተባለ።

ከዚያ ከአራት ሴቶች ጋር በባልትና ተደራጀች፤ «ቋሚ ሥራ» በሚለው ዐምድ ገባች። ሼድ ተሰጣቸው፣ ቁልፉም ተሰጣቸው፣ ሦስት ፌዝ መብራት ግን አልገባም። በርበሬውን በሰው ወፍጮ ቤት እያስፈጩ ትርፉ ለባለ ወፍጮው ሆነ፤ ማኅበሩም ፈረሰ። እርስዎ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ አለ። (የቀናሁትም ለዚህ ነው፤ እርስዎ ጋ የገባ አይፈርስም።)

ሦስተኛው ሥልጠና ነበር። መገናኛ ድረስ በሁለት ታክሲ እየተመላለሰች «የራሳችሁን ሥራ ፍጠሩ» ተብላ ተማረች። ቀድሞ የፈጠረችው ሥራ ግን፣ ከብሎካችን ሥር የምትሸጠው ቆሎ፣ በነዚያ ቀናት ሳይሸጥ ዋለ።

እርስዎ ውስጥ ባለ ኢንተርፕራይዝ የሆነችው ሴት፣ አስፋልት ዳር ስትቀመጥ ሕገወጥ ናት። ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል ሳህኗን በነጠላዋ ሸፍና፣ በደከመ ጉልበቷ ደረጃውን ስትወጣ ላያት ያሳዝናል። ስለዚህ የእኔ መሸኛ ቢዘገይ እንኳ የእሷ ይቅደም። ስሟ እርስዎ ጋ ከገባ ቆይቷል፤ የቀረው ሰውነቷ ነው።

ሰፊ ቦታ አንፈልግም። ከሠንጠረዡ ዳር «ምርመራ» የምትለዋ ዐምድ ሁልጊዜ ባዶ ስለሆነች፣ ሁለታችንንም ትበቃናለች።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
- ለደንብ አስከባሪዎች፤ ባለፈው የወሰዳችሁት ሳህን ከነቆሎው እንዲመለስ፤ ቆሎው ካለቀ ሳህኑ ብቻ