ፈሰስ

ተረት ተረት፣ የመሠረት።

ደጎሎ ላይ ወልካው አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሐምሌ ሲሆን ደግሞ ውሃውን ይዞ አልለቅ ይላል። ስንዴው ቆሞ ቢጫ ይሆናል። ባለማሳው ሁሉ ፈሰስ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ የሚያወጣው ለዚህ ነው። የአራዊቱም ሕግ ይኸው ነበር፦ ውሃ የተኛበት ሁሉ ውሃውን ከደጁ ይሸኝ።

አንድ ክረምት ጃርት ፈሰሱን ቁልቁል ቀደደው። ውሃው ወርዶ የፍልፈልን ጉድጓድ ሞላ። ፍልፈል ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ልጆቹን በአፉ አንጠልጥሎ ሸንጎ ደረሰ።

“ሕጉ ፈቅዶልኛል” አለ ጃርት።

እመት ጦጢትም ደገፈችው። “ፍልፈል እኮ ኑሮው ከመሬት በታች ነው። የእነሱ ወግ ሌላ፣ የእኛ ወግ ሌላ።”

አባ ቁራ ትንሿን የፍልፈል ልጅ ክንፋቸው ላይ አስቀመጧት። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የጭቃ አረፋ ያብጣል፣ ይፈነዳል፤ ደግሞ ያብጣል።

“እመት ጦጢት፣ ይህች የምትታፈነው በየትኛው ወግ ነው?” አሏት።

ጦጢት ዝም አለች። ተፈረደ፦ ጃርት ፈሰሱን ያውጣ፣ ግን ከፍልፈል ደጅ ሳይደርስ ወደ ገደሉ ያዙረው። ከዚህ የተሻለ የመብት ወሰን እኔ አላውቅም።

በዓመቱ ከባድ ደመና መጣ። ዘብ የቆመው አያ ጅቦ “ሕጎቹ ለጊዜው ታግደዋል” ብሎ አወጀ።

“የማይታገዱትስ?” አሉ አባ ቁራ።

አያ ጅቦ ቆጠረ። “የሸንጎው ስም። ማንም በጭካኔ አለመቀጣቱ፣ ባሪያም አለመሆኑ። እኩልነት። የየመንጋው ዕድሉን በራሱ መወሰን።”

ይህን ቆጠራ እኔ አልፈጠርኩትም። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. በሕይወት የመኖርን መብት ያወጀውን ሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ናት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ግን በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩትን ሲዘረዝር አንቀጽ 1፣ 18፣ 25ንና የአንቀጽ 39ን ንዑስ 1 እና 2 ብቻ ይጠራል፤ በሕይወት የመኖር መብት፣ አንቀጽ 15፣ እዚያ የለም። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በአማራ ክልል ሲታወጅ ደጎሎም ከሥሩ ነበረች።

“መተንፈስስ፣ አያ ጅቦ?” አለ ፍልፈል።

አያ ጅቦ ጣቶቹን እንደገና ቆጠረ። ዝናቡ ጀመረ፤ ከላይ ፈሰሱ ይሰማል። ፍልፈል ልጆቹን በአፉ አነሣ፤ አፉ ስለተያዘም ደግሞ መጠየቅ አልቻለም።