ሳይሰናበት የሚሄደው ላፕቶፕ

በእኛ ጊዜ ሰው ከሰው ቤት ሲወጣ «በሉ ደህና አምሹ» ብሎ ይነሳል፤ በሩ ላይ ቆሞ ደግሞ ሌላ ወሬ ይጀምራል። ይሄ አሳዳጊ የበደለው ላፕቶፕ ግን ድርግም ነው። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። «ቀብር ላይ ያልተገኙ አባላት መቀጫ…» ብዬ ብሩን ልጽፍ ስል ጥቁር! ቀሪዎቹ አባላት ይህን ሲሰሙ እንዴት ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አይቻለሁ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ከማጀት «ምጣዱ እየጋገረ ነው» አለች። ደግሞስ ባትሪ ያለው ዕቃ መብራት ቢሄድ ምን አገባው?

በዚህ ዘመን ሁሉም ባለሙያ ነው። አንዱ ቫይረስ ነው ይላል። ሌላው ፎርማት ይደረግ ይላል፤ የዘንድሮ ልጅ ደግሞ ለጉንፋንም ፎርማት ከማዘዝ አይመለስም። ፓወር ግዕዙንና የስንት ዓመት ቃለ ጉባኤዬን ማን ሊመልስልኝ ነው? ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወልቅ፣ ዕቃውንም ሳይከፍት «ፋዘር፣ ማዘርቦርዱ ሄዷል፤ አዲስ ይግዙ» አለኝ። አዲሶቹ ከጀርባው ተደርድረዋል።

የእህቴ ልጅ ትሻላለች፤ ቢያንስ ትጠይቃለች። «ጋሼ፣ የሚጠፋው ቻርጀሩ ሲነቀል ነው ወይስ እንደተሰካም? ሲነኩትስ ይግላል? ወዲያው ሲያበሩትስ ይቆያል?» ሲነቀል የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው፤ ጥቂት መቶ ጊዜ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ጉልበት አይኖረውም፤ አብጦ ከተገኘማ በጭራሽ አይነካም። የእኔው ግን እንደተሰካ ነው የሚጠፋው። ግሎ ይጠፋል፤ ወዲያው ሲበራ ከቅድሙ ፈጥኖ ይጠፋል። «ሙቀት ነው» አለች።

ማሽኑ ራሱ መዝገብ ይይዛል ብላ ኢቬንት ቪወር የሚሉትን ከፈተች። መዝገብ የሚይዝ ነገር እወዳለሁ፤ ተጠግቼ አየሁ። ቀይ ምልክት፣ «ከርነል ፓወር 41»፤ ፍሬ ነገሩ፣ በወጉ ሳይዘጋ እንደገና ተነሳ። አለቀ! መጥፋቱን እንጂ ለምን እንደጠፋ አልጻፈም። እኔ በእድሩ መዝገብ «ሟች የሞቱት ስለሞቱ ነው» ብዬ ብጽፍ ጉባኤው በዚያው ቀን ያወርደኛል።

ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ግድም ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል አለችኝ። አዲስ አበባ ላይ የጀበና ውሃ እንኳ የሚፈላው 92 ዲግሪ ግድም ነው! ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩም ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ለመውሰድ ዳተኛ ነው። ይሄን ሁሉ እሳት ነው ጉያዬ ታቅፌ መቀጫ የምጽፈው።

የጀርባውን ብሎኖች ፈታች። በፋኑና በሙቀት ማስወጫው መካከል አቧራ ተነጥፏል፤ አቧራው ላይ ነጭ የጥጥ ክር ተጠምጥሟል። የጋቢዬ ነው። ጋቢዬ ላይ ሳስቀምጠው ከታች ያለው መተንፈሻ ይታፈናል፣ ክሩም ይሳባል አለች። እኔ አልቀበልም። ጋቢ ከላፕቶፕ በፊት የነበረ ነው፤ ኋላ የመጣው ነው መልመድ ያለበት። ለብርድ አገር ዕቃ የሚሠራ ሰው እንዴት ጋቢን ሳያስብ ይሠራል?

ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቷ ይዛ በብሩሽ ጠረገችው፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን የሙቀት ፔስት አንስታ አዲስ ቀባች። ከእንግዲህ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ተብሎ ተፈረደብኝ። ጉልበቴ በረደኝ፣ ወገቤን አመመኝ፤ ላፕቶፑ ግን ተመችቶታል።

መጥፋቱንስ ተወ። ትናንት ማታ ግን መቀጫውን መዝግቤ፣ ዘግቼው ልተኛ ስል «እየተዘመነ ነው፤ እንዳያጠፉ» አለኝ። ባለቤቴ «ኧረ ና ተኛ» ትላለች። የት ልሂድ? 27 በመቶ ላይ ቆሟል።