በጾም የተቆረሰ ኬክ

እናንተ እኩዮቼ፣ እናንተ የታኅሣሥ ብርድ ጉልበታችሁን የሚቆረጥማችሁ ወገኖቼ፣ ጉዴን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። የልጅ ልጄ የሚማርበት የክርስቲያን ትምህርት ቤት ዘንድሮ ገናን ያከበረው መቼ መሰላችሁ? ታኅሣሥ 16! ከኅዳር 15 ጀምረን ሽሮውን በምስር፣ ምስሩን በሽሮ እየተካን ስንጾም ከርመን፣ ለልደት 13 ቀን ሲቀረው፣ ቅቤና እንቁላል የጠጣ ኬክ በግቢው መሐል ተቆረሰ። «ምነው ልጄ?» ብላት አንዲቱን መምህርት፣ «አባባ፣ ፈረንጆቹ እኮ የሚያከብሩት ዛሬ ነው» አለችኝ። ግቢውን ዞሬ አየሁት። አንድ ፈረንጅ የለም።

በልጅቷ አልፈርድም፤ ዘመኑ ነው። ገና በ29 እንደሚውል፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28 እንደሚውል ዛሬ ማን ያስተምራል? እኛ ይህን ሁሉ በቃላችን ነበር የምንወጣው። እንዳላመነችኝ ሳይ ከኪሴ የማትለየውን ቀን መቁጠሪያ አውጥቼ፣ መነጽሬን ፈልጌ፣ ገጹን ገልጬ አሳየኋት።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ደግሜ ነው ሚሲዮን ትምህርት ቤት የገባሁት። በዚያ ደግ ዘመን በዓል በወጉ ነበር። መምህሮቻችን ስዊድኖች ስለነበሩ እርግጥ ልደትን የሚያከብሩት በ16 ነው፤ እኛንም ይጠሩን ነበር፤ ሻይና ብስኩትም እናገኝ ነበር። ያ ግን ሌላ ነው። ብስኩቱ በቆርቆሮ ታሽጎ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስለሆነ እንቁላል ይኑርበት አይኑርበት የሚያውቅ አልነበረም፤ ያላወቁት ነገር ደግሞ ጾም አያስገድፍም። ከዚያ ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 4 ሉቺያ የምትባለውን ቅድስት ያስባሉ። ነጭ የለበሰች ልጃገረድ አናቷ ላይ ሻማ ለኩሳ፣ ጎሕ ሳይቀድ እየዘመረች ትገባለች። እንዴት ያለ ጨዋነት መሰላችሁ! አንድ ጊዜ የአንዷ ፀጉር ተለብልቦ አዳራሹ የበግ ጭንቅላት እንደተጠበሰበት ጓዳ ሸተተ። በዓል ማለት ያ ነው። የዛሬው መብራት ከቻይና የመጣ ነው፤ ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ማንንም አያቃጥልም።

የገና ዛፉስ? ፕላስቲክ! ከሣጥን ወጥቶ የሚገጣጠም፣ ጥጥ የተበተነበት ፕላስቲክ። እኛ ጫካ ወርደን፣ የመረጥነውን ለጋ ጽድ ከሥሩ ቆርጠን፣ በየክፍሉ አንድ አንድ እናቆም ነበር፤ ለአዳራሹና ለመምህራኑ ቤት ደግሞ ለብቻው። ሽታው እስከ ጥምቀት አይለቅም። እስቲ ዛሬ በዚያ ጫካ አንድ ጽድ ፈልጉ! ማን እንደጨረሰው እንጃ።

ጥጡ በረዶ መሆኑ ነው አሉ። መዝሙሩም ስለ በረዶ ነው፤ ሕፃናቱ እጃቸውን እያርገበገቡ «በረዶ ይውረድ» ይላሉ። ባቄላዬ አብቦ ሳለ በአንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ያረገፈብኝ ሰው ነኝ እኮ! ከኋላዬ የተቀመጠውን የአገሬን ሰው ዘወር ብዬ ባየው እሱም ራሱን ይነቀንቃል። በረዶን በምሕላ እንመልሰዋለን እንጂ በመዝሙር እንጠራዋለን እንዴ?

ደግሞ ቀይ ልብስ የለበሰ አንድ ነገር ገባ። የገና አባት ነው አሉ። የስፖርት አስተማሪው ነው፤ ሆዱ ላይ ትራስ አስሯል፤ ትራሱም ሲዘል ወደ ጎን ሸሽቶ ወገቡ ላይ ወጣ። ይህ ሰውዬ መነሻው ቅዱስ ኒቆላዎስ መሆኑን የሚነግራቸው የለም። በአራተኛው መቶ ዘመን የሚራ ጳጳስ የነበረ፣ አገሩ ዛሬ ቱርክ በሚባለው ምድር ያለ፣ በስንክሳራችንም ታኅሣሥ 10 የሚታሰብ አባት ነው። ጳጳስ «ሆ ሆ ሆ» እያለ ከረሜላ ይበትናል? አጠገቤ የወደቁትን ብቻ ለቅሜ ኪሴ ከተትኩ፤ ምግብ ሲረገጥ ማየት ስለማልወድ ነው።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ልደት ድራማው። ልምምድ የተጀመረው በኅዳር ነው። በኅዳር! የወላጆች ቴሌግራም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ «የእረኛ ልብስ የት ይከራያል?» ይላል አንዱ። ሌላዋ «የእኔ ልጅ መልአክ ይሆናል ተብሎ እንዴት በሬ ሆነ?» ብላ ታለቅሳለች። ስለ ቶምቦላው፣ ስለ ባዛሩ፣ ስለ መዋጮው ሲነታረኩ ያነጋሉ። ሰው እንዴት ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዶ ያድራል? ሁሉንም አንድ በአንድ ስላነበብኩት ነው የምነግራችሁ።

የልጅ ልጄ ከሰብአ ሰገል ሦስተኛው ነበር፤ ከርቤ የሚያቀርበው። የያዘው ባዶ የሽቶ ጠርሙስ ነው። ዕጣን ያዡም ልጅ የከረሜላ ቆርቆሮ ነው ያቀፈው። ወገኖቼ፣ ከትግራይና ከመተማ ቆላ ዕጣን ተለቅሞ ለዓለም በሚላክበት አገር ለሕፃኑ ጌታ አንዲት ጠጠር ዕጣን ታጣ? ከሰል አያይዘን፣ ገል ላይ እውነተኛ ዕጣን አጢሰን ነበር እኛ የምንሠራው፤ ተመልካቹ እየሳለ፣ ዓይኑ እያነባ። ጭሱ ስለሚያስለቅስ ድራማው ሁልጊዜ ልብ ይነካ ነበር።

የዛሬው ሕፃን ኢየሱስ ደግሞ ባትሪ የሚጎርስ አሻንጉሊት ነው። ገብርኤል ገና አፉን ሲከፍት አንዱ እረኛ ሆዱን ተጫነውና ሕፃኑ በእንግሊዝኛ መዝፈን ጀመረ። ዮሴፍ ቢያገላብጠው፣ ቢመታው፣ አልቆም አለ። ማርያም ደንግጣ ጋቢው ውስጥ ጠቀለለችው፤ እዚያም ውስጥ ሆኖ ዘፈነ። እኛ ዘንድ የዘበኛው ሚስት ልጇን ታውሰን ነበር፤ የሦስት ወር ሕፃን። ያም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልቅሶ አንዲት ቃል ሳያሰማን ነበር የሚወጣው፤ ለቅሶው ግን ከልቡ ነው።

በጋችንም እውነተኛ በግ ነበር። እኔ እረኛ ሆኜ ስገባ በገመድ እየጎተትኩ ይዤው እገባለሁ። አንድ ዓመት የግርግሙን ጭድ ጨርሶ ወደ መልአኩ ዞረና ከአቡጀዲ የተሰፋውን ቀሚስ እስከ ጉልበቱ በላው። መልአኩ «በምድርም ሰላም» እያለ በጉን በእርግጫ ይለው ነበር። በ29 ያንኑ በግ አርደን በላነው። ያን ጊዜ የሚባክን ነገር የለም። ዛሬ በግ የሆኑት ሕፃናት ናቸው፤ ጆሮ ያለው ኮፍያ ደፍተው፣ «ባ» ብለው፣ እናታቸውን በዓይናቸው እየፈለጉ ይቆማሉ። እናታቸው እንዳታያቸው ደግሞ ወላጁ ሁሉ ስልኩን አንግቦ ቆሟል። ከፊቴ አንዱ ግድግዳ የሚያህል ታብሌት ዘርግቶ ጋረደኝ። «ዘወር በል፣ በስልኬ የልጁን ቪዲዮ እያነሣሁ ነው!» ብዬ ጮህኩበት።

ከድራማው በኋላ ጨዋታ ተባለ። እኔ ጨዋታ ሲባል ልቤ ዘሎ ሜዳ ወረደ። ገና ነዋ! ዱላ ይቆረጣል፣ ሩር ትወረወራለች፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ይገጥማል፤ የዚያን ቀን ሎሌ ጌታውን ቅልጥሙን ቢለው አይቀጣም። ግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ናት፤ የግራ እጄ ትንሿ ጣትም እስከ ዛሬ አትታጠፍም። ጤናማ ጨዋታ ነበር። እነዚህ ያመጡት ግን በአየር የተነፋ ቤት ነው፤ ልጆቹ ካልሲ አድርገው ይነጥሩበታል። ርእሰ መምህሯን «ለምን ገና አታጫውቷቸውም?» ብላቸው፣ «አባቴ፣ ልጅ ቢፈነከት ማን ይጠየቃል?» አሉኝ። ማን ይጠየቃል! የተፈነከተው ነዋ፤ ለምን ራሱን አላሸሸም?

ስጦታ መለዋወጥ የሚሉትንም አየሁ። ስም በዕጣ ይወጣል፤ ዋጋው ከዚህ አይነስ ተብሎ ለወላጅ ወረቀት ይላካል። ምን ዓይነት ስግብግብነት ነው? ለእኛ አንዳንድ ብርቱካንና አንዳንድ እርሳስ ይሰጡን ነበር፤ አመስግነን እንቀበላለን። የእኔዋ እርሳስ ከጎኔ ከነበረው ልጅ እርሳስ በአውራ ጣት ታጥር ነበር። ልጁን ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ቤት አግኝቼው አንስቼበታለሁ። ግን እንደ ዛሬ ልጆች ስጦታን በመጠን የምንለካ አልነበርንም።

አንድ ነገር አልክድም። ልጆቹ ከየቤታቸው ልብስና ካልሲ ሰብስበው ለአረጋውያን መርጃ ወስደው ሰጥተዋል፤ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሥተው፣ ዘምረውላቸው ነው የመጡት። ይህ ደስ ይላል። የተረፈውን ካርቶን በር ላይ ሲያወርዱ ግን አንዲት የጥርሷ ፊት የወለቀ ሕፃን እኔን አየችኝና፣ «አባባ፣ እርስዎ አልደረሰዎትም?» ብላ ካልሲ አስጨበጠችኝ። እኔን! ጡረታ የማገኘውን፣ የራሴ ቤት ያለኝን ሰው! ደሜ ፈላ። ካልሲው ይሞቃል፤ ይህን የምጽፈው እሱን አድርጌ ነው።

ስለ ኬኩ ጠይቃችሁኛል መሰለኝ። ሳህኑን ይዛ የመጣችው ልጅ ቅር እንዳይላት ብዬ ቀመስኩ። ሁለተኛውን የበላሁት ደግሞ የመጀመሪያው እውነት ጾም መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ነው። አልነበረም። ክሬሙም የድሮው አይደለም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሰው ከየአገሩ በእግሩ ተጉዞ ላሊበላ ይወርዳል፤ ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይም ከታችም ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ለመስማት ሌሊቱን በብርድ ቆሞ ያነጋል። እኔም በየዓመቱ በቴሌቪዥን አልቀርም። በ28 ማታ የልጅ ልጄን ነጠላ አልብሼ «ተነሥ፣ ቅዳሴ እንሂድ፣ ገና ነው» ብለው ብርድ ልብሱን ሳበና «አባባ፣ ገና እኮ አለፈ» አለኝ። ዶሮው ምድጃ ላይ እየተንተከተከ፣ ድፎው ተደፍቶ፣ ለልጁ በዓሉ ያለፈ ነው! ከኅዳር ጀምሮ ኮፍያ ሲደፋ፣ ሲዘምር፣ ከረሜላ ሲቆረጥም የከረመ ልጅ ምኑን ይጠብቅ? እኛ አርባ ምናምን ቀን የዶሮ ወጥ ሽታ በሕልማችን እያየን ነበር ሌሊቱን የምንደርስበት፤ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል ግማሻችን በር ላይ ነን።

ይህን ሁሉ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝና በዚያው የሚቀጥለው ዓመት የገና ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጉኝ። እምቢ ልል ነበር፤ ለነዚህ ልጆች ትቼው ብሄድ ግን ከዚህም ይበላሻል ብዬ ተቀበልኩ። አንድ በግ፣ ሁለት ኪሎ ዕጣንና አንድ የሚያለቅስ ሕፃን እንዲያዘጋጁ ነግሬያቸዋለሁ። ልምምዱንም በኅዳር መጀመራችን ዘግይቶብናል፤ ዘንድሮ ያበላሸው እሱ ነው። ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ በየቅዳሜው ነው የምንሰበሰበው፤ ጊዜውን በቴሌግራም አሳውቃለሁ።