ቅራሪ

ቆጣቢ ነኝ፤ ባለቤቴ ንፉግ ትለኛለች። ቡና በረካው ሳይጠጣ ሲደፋ አብሮ የሚደፋው ልቤ ነው። ጥቅምት ላይ የታመመ የስንዴ ቅጠል ልመረምር ምዕራብ ጎጃም የወረድኩትም ይህን አመሌን ይዤ ነው።

የዲኤንኤ ማንበቢያ መሣሪያዬ ሚናዮን መዳፍ አትሞላም። ሥራውን የሚሠራው በላይዋ የሚጫነው ፍሎው ሴል ነው። ዲኤንኤ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎቹ ሲሾልክ የኤሌክትሪኩ ጅረት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ኮምፒውተር ያንን ወደ ፊደል ይመልሰዋል። ሚናዮን ለስንዴያችን እንግዳ አይደለችም። በ2018 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) እና የእንግሊዙ ጆን ኢነስ ማዕከል ማርፕል የተባለውን ዘዴ ሆለታ ላይ የሞከሩት በእሷ ነው። የስንዴ በሽታ የሆነውን የቢጫ ዋግ ፈንገስ 242 ዘረ መሎች አንብቦ፣ ወራት ይፈጅ የነበረውን ዝርያ የመለየት ሥራ በሁለት ቀን ይጨርሳል።

ፍሎው ሴሉ እስከ 72 ሰዓት ይሠራል፤ የፍኖተ ሰላሙን ናሙና ግን በጥቂት ሰዓት አነበብኩ። በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የወጣበትን ዕቃ በአቦል ልጥለው? የተረፈውን ዲኤንኤ በሚበላ ኤንዛይም አጠብኩት፤ ቀዳዳዎቹን ስቆጥር ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። በማግስቱ ቡሬ ላይ ሌላ ናሙና ጭኜበት ቶናውን ጠጣሁ። ችግሩ፣ በየናሙናው ላይ እንደ በግ ጆሮ ምልክት የሚለጠፈውን ባርኮድም ደገምኩት። ለአንድ ባርኮድ ብዬ!

ውጤቱ ቢጫ ዋግ አለ። ለባለ ማሳው መድኃኒት ይግዙ አልኳቸው። ቅጠሉን በጣታቸው አሻሹና አዩኝ።

«ልጄ፣ ዋግ ቢሆን ጣቴን ያቀልመው ነበር።»

«አባባ፣ መሣሪያው አይሳሳትም።»

ማታ ቁጥሩን ደግሜ ሳይ ላብ አሰመጠኝ። የተነበበው ዲኤንኤ እፍኝ አይሞላም፤ እሱም ከትናንቱ ጋር አንድ ነው። እጥበት ሁሉን ጠርጎ አያወጣም። የቡሬው ቅጠል ዋግ አልነበረበትም፤ በስሙ የመሰከረው የፍኖተ ሰላም ትራፊ ነው።

ጎህ ሲቀድ እየሮጥኩ ስደርስ ለመድኃኒቱ መግዣ የሚሸጠው በግ ለገበያ ታስሯል። ጥፋቴን ተናዘዝኩ። አባባ ገመዱን ፈቱና ምንም ሳይናገሩ ወደ ማሳቸው ሄዱ። ባለቤታቸው እማማ ግን በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ።

«ጠላ ነው?» አልኳቸው።

«ቅራሪ ነው። የጠላው አተላ ላይ ውኃ ጨምሬበት ነው። ቅራሪ ነውር የለበትም ልጄ፤ ነውሩ ጠላ ነው ብሎ መቅዳት ነው።»

ዛሬም ፍሎው ሴል አጥቤ እጠቀማለሁ፤ ንፍገቴ አልለቀቀኝም። እናንተም እጠቡ፤ ግን ባርኮዱን ቀይሩ፤ በማሸጊያው ላይም ትናንት የማንን ማሳ እንዳነበበ ጻፉበት።