የአፍ ወለምታ ሕግ፦ አጭር ጥናት

የአፍ ወለምታ በቅቤ እንደማይታሽ የታወቀ ነው። ሕግ አክባሪ መሆኑ ግን ብዙም አልተነገረለትም። ምላስ እንዳሻው አይስትም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ከባለቤቱ ይልቅ ደንብ የሚያውቀው እሱ ነው።

ቀዳሚው ማስረጃችን እንግሊዛዊው ቄስ ዊልያም አርኪባልድ ስፑነር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1924 የኦክስፎርዱን ኒው ኮሌጅ መርተዋል። ስማቸው የቀረው ግን በአስተዳደራቸው ሳይሆን የቃላትን መነሻ ድምፅ በማቀያየር ነው። «ሬት ኦቭ ዌጅስ»፣ ማለትም የደመወዝ ተመን፣ ሊሉ «ዌት ኦቭ ሬጅስ» ብለዋል ይባላል፤ የንዴት ክብደት መሆኑ ነው። ወር ጠባቂ አንባቢ ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ለመለየት ሊቸገር ይችላል። «ክራሺንግ ብሎው»፣ ማለትም አከርካሪ ሰባሪ ምት፣ «ብላሺንግ ክሮው» ሆኖ ይጠቀስላቸዋል፦ አፍሮ ፊቱ የቀላ ቁራ። (ጥቁር ፊት ላይ ይህ እንዴት እንደሚታይ ለወፍ አጥኚዎች እንተወዋለን።) አብዛኛውን ተማሪዎቻቸው እንደፈጠሩባቸው ይታመናል። ሥራ ፈት ተማሪ በሌለበት እንዲህ ያለ ሀብት አይከማችም።

ወደ ሕጉ እንመለስ። መነሻ ድምፅ ቦታ የሚለዋወጠው ከመነሻ ድምፅ ጋር ነው፤ ከቃል መጨረሻ ጋር ሲለዋወጥ እምብዛም አይታይም። የሚወለደው ቃል ትርጉም ቢያጣ እንኳ እንግሊዝኛ የማይፈቅደውን የድምፅ ቅንብር አይዝም። የሎስ አንጀለሷ የቋንቋ ሊቅ ቪክቶሪያ ፍሮምኪን የሰውን ስህተት ከየአፉ እየለቀሙ እየመዘገቡ፣ በ1971 ባሳተሙት ጥናት ይህን አሳይተዋል። ከእሳቸው ጋር ቡና መጠጣት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ መገመት አያዳግትም።

ወይዘሮ ማላፕሮፕ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሪቻርድ ሸሪዳን በ1775፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ለንደን መድረክ ላይ ባወጣው «ዘ ራይቫልስ» በተሰኘ ኮሜዲ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው። ድምፅ አይለዋውጡም፤ ከበድ ያለ ቃል አንስተው ያለቦታው ይተክላሉ፣ ያውም ቅንጣት ሳያንገራግሩ። የጨዋነትን «ፒናክል»፣ ቁንጮውን፣ «ፓይናፕል» ይሉትና የጨዋነት አናናስ ይሆናል። እልኸኛዋን ልጅ በናይል ዳር ካለ «አሊጌተር» ጋር ሊያመሳስሏት ፈልገው «አለጎሪ» ይላሉ፤ ልጅቱ የተመሳሰለችው ከተምሳሌት ጋር ሆነ። ተመልካች ይስቃል። ነገር ግን አሊጌተር አገሩ አሜሪካና ቻይና ነው፤ የዓባይ ወንዝ አዞ ሌላ ዘር፣ ክሮኮዳይል፣ ነው። ወይዘሮዋ ቃሉን ባይስቱት ኖሮ እንስሳውን ስተውት ነበር። በዚህኛው ግን የሚስቅ አይገኝም፤ ትኬት ቆርጦ የገባ የአዞ ባለሙያ ከሌለ በቀር።