ጫፉን የት አደረስከው?

ስፌት መጀመር ማንም ይጀምራል። ወስፌ ይዞ አንድ ቀዳዳ የበሳ ሁሉ ዛሬ «ባለሙያ ነኝ» ይላል። ጨርስ ሲሉት ነው ጉዱ።

ልጄ ለፋሲካ አንድ አገልግል ገዝታ ላከችልኝ። ሲያዩት ያምራል፤ ቆዳው ቀይ፣ የክዳኑ ጠርዝ ዙሪያውን በነጭ ቀጭን ጠፍር የተጎነጎነ። ዶሮውን ሞልተን፣ ሸዋ ሮቢት እህቴ ዘንድ ለመሄድ ከደብረ ሲና ተሳፈርን። ቁልቁለቱን ጀምረን አርማንያ ሳንደርስ ጠፍሩ ተመዘዘ፤ ከዚያማ እንደ ሹራብ ይተረተር ጀመር። ለካ ማንገቻውም የተያዘው በዚያው ስፌት ኖሯል! ክዳኑ ወለቀ፣ እንቁላሉ ተንከባሎ ከፊቴ ከተቀመጡት እመቤት ጫማ ሥር ተገኘ። ከአሥራ ሁለቱ ብልት እህቴ ቤት በሰላም የገባው ዘጠኙ ነው።

ስመለስ አንድ ወጣት ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት።

«አባባ፣ ቀላል ነው፤ ጫፉን በማስቲሽ እናጣብቀዋለን» አለኝ።

«ማስቲሽ!» አልኩ። «ይኸ እንጀራ የሚቀመጥበት ነው እኮ፣ አንተ ልጅ!»

የአባቴ ዳዊት ማኅደር እስካሁን ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። መነጽሬን አድርጌ ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጠፍሩ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ አይገኝም። አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ጠፍሩን ሲቆርጡ አይሰስቱም፤ ለተራው ጥምዝምዝ ከጠርዙ ርዝመት ሦስት እጥፍ ግድም፣ ለጉንጉኑ ደግሞ ስድስት ሰባት እጥፍ ይፈልጋል። የዛሬዎቹ ሰስተው ይቆርጡና ክዳኑ ወገብ ላይ ሲያልቅባቸው ቋጥረው ይቀጥላሉ፤ ቋጠሮውንም «ጌጥ ነው» ይሉሃል። መጨረሻው ላይ ጫፉን በምላጭ አሳስቶ፣ በውኃ አርሶ፣ በወስፌ መንገድ ከፍቶ በመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ስፌቶች ሥር፣ በሁለቱ ቆዳ መሐል ወደ ኋላ መመለስ ነው። ጠበቅ፣ ቆረጥ፣ በመዶሻ እጀታ መታ መታ። ርጥብ ቆዳ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የገባውን ጫፍ ነክሶ የሚይዘው ይኸው መሰብሰቡ ነው። በጣርማበር ጉም ረጥቦ ሸዋ ሮቢት ሐሩር ላይ ለሚደርቅ ዕቃ ደግሞ ይኸ ቅንጦት አይደለም።

ጣሊያን ጠላት ነው፤ ግፉን አልረሳሁም። ግን ጣርማበር ላይ ተራራውን ከወዲህ በስቶ ገብቶ፣ 587 ሜትር ሄዶ፣ በወዲያ ወጥቷል። መሐል ላይ ቋጥሮ አልተወውም። ይኸን ለሰፊው ብነግረው፣ «አባባ፣ እሱ መሿለኪያ ነው፣ ይኸ አገልግል ነው» አለኝ። ትውልዱ መልስ አያጣም።

በመጨረሻ ጉንጉኑን ሁሉ አስፈታሁት፤ በአዲስ ጠፍር፣ ያለ ማስቲሽ እንዲሰፋው ቀብድ ከፈልኩ። «ቅዳሜ ይምጡ» ብሎኛል። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ግን እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።