ጣራ ያጣ ቲማቲምና ጣራ ያገኘ ሽማግሌ

«ክረምት ዕረፍት ነው» ይላሉ የልጅ ልጆቼ። ትምህርት ቤት ተዘግቶላቸዋላ! እኔ ግን እዚህ ቶንጎ ጎመኑን አርሜ ቀና ስል ወገቤ ቋ ይላል፤ ዞር ስል ትናንት ያረምኩት መደብ ሣር ለብሶ ይጠብቀኛል። ዱባው አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ሄዶ አፈራ። ቆርጠው በሉት፤ ለእኔ የተረፈኝ «ዱባዎ ይጣፍጣል አባባ» የሚል ምስጋና ነው። ያላስቀየመኝ ባምያው ብቻ ነው።

ዝናቡን ሳማርር ባለቤቴ ትቆጣለች። «በሰባ ሰባት ወሎ ላይ ለዝናብ ዱዓ ስታደርግ የነበርከው አንተ አይደለህም? አልሐምዱሊላህ በል!» እውነቷን ነው። በ1977ቱ ድርቅ ነው ለሰፈራ ወደዚህ ወደ አሶሳ አካባቢ የመጣነው። ለምኜ የነበረው ግን ዝናብ ነው እንጂ አረም አይደለም።

አምና ደግሞ ግብርና የተማረው የልጅ ልጄ «ግሪንሃውስ እንሥራ» አለኝ። ፈረንጅ ብርድ ይከላከልበታል አለ። ቶንጎ ምን ብርድ አለና? ኋላ ሲያስረዳኝ ነገሩ እኛ ዘንድ ተገልብጦ እንደሚሠራ ገባኝ፤ ጣራው ለዝናቡ ነው። የክረምት ቲማቲም ቅጠሉ እየራሰ ከሰነበተ ይጠቁርና ፍሬው ሳይቀላ ይበሰብሳል። እሺ፣ ቀርከሃ ቆረጥን፤ እሱስ በአገሩ ሞልቷል። ላስቲኩ የመጣው ግን ከአሶሳ ነው፤ ዋጋውን አታንሱብኝ።

ጎኑን ክፍት ትቶ ጣራውን ብቻ ቢያለብሰው ምን ነበረበት? ዙሪያውን ለጎመው! ጠዋት ስገባ ላስቲኩ አልቦ ከላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ዝናቡን ውጭ አስቀርተን የራሳችንን ዝናብ ውስጥ አዘነብን። ቲማቲሙ በላብ አለቀ።

ምስጡም ተነሣ። «ምሰሶውን የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ እግሩን ድንጋይ ላይ አቁመው» ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ! መስከረም ላይ የጥጉ ምሰሶ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሰብሬ ባየው ውስጡ አፈር ነው፤ የቀረው ልጡ ብቻ።

ዘንድሮ ግማሹ ቆሟል። ባለቤቴ በቆሎ ሰቅላበታለች፤ ዶሮዋም እዚያ ትጥላለች። እኔ ደግሞ ላፈርሰው መጥረቢያ ይዤ ስገባ ሙቀቱ ለጉልበቴ ቁርጥማት ተስማማኝና ትንሽ ቁጭ አልኩ።

«አንተ ሰውዬ! ምን እየሠራህ ነው?»

«አረም!» አልኳት፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።